የፋይል ሰርቨር መዘግየት፤ የምርመራው ቅደም ተከተል

መግቢያ

የራስ ቅል ጉዳት የደረሰበት ታካሚ የሲቲ ስካን ምርመራው ተጠናቆ ሳለ፣ ምስሉ በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ደቂቃዎች የሚያልፉ ከሆነ፣ ጉዳዩ የኮምፒውተር ክፍሉ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችና የታካሚዎች መዛግብት በአንድ ማዕከላዊ ፋይል ሰርቨር በሚቀመጡበት ሆስፒታል፣ ሰርቨሩ ሲዘገይ ውሳኔም ይዘገያል፤ መረጃው ከጠፋ ደግሞ የታካሚው ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ፋይል ሰርቨሮች የሚሠሩት ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ነው። ሊኑክስ ችግሩን ለመለየት የሚያስችሉ ብዙ የመመርመሪያ ትእዛዞች አሉት፤ ይሁን እንጂ ትእዛዞቹ የሚጠቅሙት በሥርዓት ሲታዩ ነው። መዘግየት እንደ ትኩሳት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በመሆኑም መንስኤው ሳይታወቅ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ወይም አዲስ መሣሪያ መግዛት፣ ወባ ይሁን ታይፎይድ ሳይለዩ የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ እንደመስጠት ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምርመራው የሚከተለውን ቅደም ተከተልና በዚያ ውስጥ የጤና ባለሙያው ያለውን ድርሻ ማስረዳት ነው።

የዲስክ አሠራር

ጤናማውን ሳያውቁ ሕመሙን መለየት አይቻልም። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ የሚንቀሳቀስ የንባብ ክንድ አለው። አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ የሚፈለገው ቦታ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠበቃል። ክንዱ ራሱ ቦታውን እስኪይዝ የሚወስደው ጊዜ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህም እዚያም ለተበተኑ ጥያቄዎች ዲስኩ በሰከንድ መመለስ የሚችለው 80 ያህሉን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ቢሆን የሰከንዱ ድምር 320 ኪሎባይት ይሆናል። ይኸው ዲስክ ተከታትሎ የተቀመጠን ትልቅ ፋይል ሲያነብ ግን በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ እንደሚታየው አንድ ጤናማ ዲስክ እንደተጠየቀው ሥራ ዓይነት ፈጣንም ዘገምተኛም ሊሆን ይችላል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ የተባለው ዲስክ ይህ መጠበቅ የለበትም።

በቅድሚያ፦ መረጃው አደጋ ላይ ነውን?

በድንገተኛ ክፍል የታካሚው አተነፋፈስና የደም ዝውውር ሳይረጋገጥ ወደ ዝርዝር ምርመራ አይገባም። እዚህም የመጀመሪያው ጥያቄ የመዘግየቱ መንስኤ ሳይሆን የመረጃው ደኅንነት ነው። ምክንያቱም የተበላሸ ቦታ ያጋጠመው ዲስክ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ስለሚሞክር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ብዙ ሰከንዶች ሊፈጅበት ይችላል። መዘግየት የዲስኩ ሞት የመጀመሪያ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለዚህም ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ‘ዲሜስግ’ በተባለው ትእዛዝ የሚነበበው የሥርዓተ ክወናው የውስጥ መዝገብ ነው፤ በውስጡ የንባብ ስሕተቶች ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ ብዙ ዲስኮች ሬይድ በተባለው ዘዴ ተጣምረው የሚሠሩ ከሆነ፣ የጥምረቱ ሁኔታ ነው። ሬይድ 5 በተባለው ዓይነት አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃው አይጠፋም። ነገር ግን የጎደለውን ክፍል ለማግኘት የቀሩት ዲስኮች ሁሉ ተነብበው ስሌት ስለሚሠራ ሰርቨሩ ይዘገያል፤ ሁለተኛ ዲስክ ከሞተ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ሰርቨሩ ሥራውን ስላላቋረጠ የአንዱ ዲስክ ሞት ለሳምንታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛው ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው ስማርት የተባለው መዝገብ ነው። በውስጡ በተለይ የተተኩና መተካታቸውን የሚጠባበቁ የተበላሹ ቦታዎች ቁጥር ይታያል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በራሱ ፍተሻ የመጀመሪያው ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልተገኘበት በ39 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በሌላ በኩል ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች ምንም አላሳዩም። በሕክምና ቋንቋ ሲገለጽ፣ ፖዘቲቭ ውጤት ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ኔጋቲቭ ውጤት ግን ዲስኩን ከበሽታ ነፃ አያደርገውም።

ከሦስቱ አንዱ አጠራጣሪ ሆኖ ከተገኘ ከማንኛውም ጥገና በፊት መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩና ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሞተውን ዲስክ መተካት እንኳ የቀሩትን ዲስኮች ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራ፣ ደካማው ዲስክ በዚያው ሂደት ሊሞት ይችላል።

የሕመሙ ታሪክ

ለምርመራው ግማሽ መንገድ የሚሆነው መረጃ ያለው በተጠቃሚው እጅ ነው። “ሰርቨሩ ቀርፏል” የሚለው አቤቱታ ብቻውን “አሞኛል” እንደማለት ነው። የሚከተሉት አራት ጥያቄዎች መልስ ተጽፎ ቢቀርብ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

1. መዘግየቱ በአንድ ክፍል ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? በአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ከሰርቨሩ ይልቅ በኔትወርክ ገመዱ ወይም በዚያው ክፍል ኮምፒውተር ላይ ያርፋል።

2. ሁልጊዜ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት? በተወሰነ ሰዓት ከሆነ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ፣ የቫይረስ ፍተሻ ወይም የሬይድ ወቅታዊ ፍተሻ ሊሆን ይችላል። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት የሬይድ ፍተሻው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሌሊት እንዲጀምር ተደርጎ ቆይቷል፤ በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም መዘግየቱን ቢያስተውል አያስገርምም።

3. የሚዘገየው ሲከፈት ነው ወይስ ሲቀመጥ? ማስቀመጥ ብቻ በድንገት ከዘገየ የሬይድ መቆጣጠሪያው ባትሪ ይታያል። ባትሪው ሲደክም መቆጣጠሪያው መረጃውን በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ መያዙን አቁሞ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ መጠበቅ ይጀምራል።

4. ጥቂት ትልልቅ ፋይሎች ናቸው ወይስ ብዙ ትንንሾች? ብዙ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ከላይ የተገለጸውን የክንድ መመላለስ ያስከትላሉ።

ልዩ ምርመራ፦ ዲስኩ ነው ወይስ ሌላ?

ዲስክ በሌላው ጥፋት ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። አንድ የሲቲ ስካን ምስል 512 በ512 ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ 300 ምስሎች ያሉት ምርመራ 150 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ይህን ለማስተላለፍ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃል። ገመዱ ተጎድቶ ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ከወረደ ግን ቢያንስ 12 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ያው ፋይል እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሲነበብ ፈጣን ከሆነ ዲስኩ ንጹሕ ነው። ለሙከራው በዕለቱ ያልተከፈተ ፋይል መመረጥ አለበት፤ በቅርቡ የተነበበ ፋይል ከማኅደረ ትውስታ ስለሚመጣ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ቀጥሎ ማኅደረ ትውስታው ይመረመራል። ነፃ የሚባለው መጠን ማነሱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሊኑክስ ሥራ ፈት የሆነውን ማኅደረ ትውስታ ፋይሎችን ለማቆየት ይጠቀምበታልና። ‘ቪኤምስታት’ የተባለው ትእዛዝ ያለማቋረጥ ወደ ዲስክ የሚወጣና የሚገባ የማኅደረ ትውስታ ይዘት ካሳየ ግን እጥረት አለ፤ ዲስኩም የሌላው ሸክም ተሸካሚ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የዲስኩ ቁልፍ ምርመራ ‘አዮስታት’ የተባለው ትእዛዝ ነው። በየአምስት ሰከንዱ እንዲለካ ይታዘዛል፤ የመጀመሪያው ውጤት ሰርቨሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ ይተዋል። የሚነበቡትም በሰከንድ የቀረቡት ጥያቄዎች ብዛትና የአንድ ጥያቄ አማካይ ቆይታ ናቸው። ጥያቄው ጥቂት ሆኖ ቆይታው ረጅም ከሆነ ዲስኩ ታሟል ተብሎ ይጠረጠራል፤ በተለይም ከአራት አቻ ዲስኮች ሦስቱ በ10 ሚሊሰከንድ ሲመልሱ አንዱ 200 የሚፈጅ ከሆነ። ጥያቄው ብዙ ሆኖ ቆይታው ከረዘመ ግን ዲስኩ ጤናማ ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። ያን ጊዜ ‘አዮቶፕ’ የተባለው ትእዛዝ ሥራውን ያበዛው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ያሳያል። “መቶ በመቶ ሥራ ላይ” የሚለው ቁጥር ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ በሚመልሱት ኤስኤስዲና ሬይድ ላይ አሳሳች ስለሆነ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

ሕክምናና ጥንቃቄ

ሕክምናው መንስኤውን ይከተላል። የታመመ ዲስክ ቅጂ ከተረጋገጠ በኋላ ይተካል፤ የሰዓት ግጭት የመጠባበቂያውን ሥራ ወደ ሌላ ሰዓት በማዛወር ይፈታል፤ ሥራ የበዛበት ዲስክ በኤስኤስዲ ይታገዛል። በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ይደረግና በፊትና በኋላ ይለካል፤ ሦስት መድኃኒት ባንድነት የወሰደ ታካሚ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅምና። በሥራ ላይ ባለ የፋይል ሥርዓት የጥገና ትእዛዝ ማስኬድ መረጃ ሊያበላሽ ስለሚችል አይደረግም። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራትም በማኅደረ ትውስታ የተያዙትን ፋይሎች ስለሚያስወግድ ለጊዜው ያዘገየዋል፤ ደካማ ዲስክም ከጠፋ በኋላ ላይነሣ ይችላል።

ማጠቃለያ

የታካሚ የደም ግፊት መጨመሩ የሚታወቀው የቀድሞው ልክ ከተመዘገበ ነው። ሰርቨሩም ጤናማ ሳለ ልኩ ሊመዘገብ፣ የሬይዱና የስማርቱ ሁኔታ በየሳምንቱ ሊታይ፣ የመጠባበቂያው ቅጂም በየጊዜው ተከፍቶ ሊፈተሽ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መዘግየቱን “የተለመደ ነው” ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ያባክናል። ምስሉ ሲዘገይ ሰዓቱን፣ ክፍሉንና የፋይሉን ዓይነት ጽፎ ወዲያውኑ ማሳወቅ ከኮምፒውተር ባለሙያው ይልቅ በታካሚው አጠገብ ያለው የጤና ባለሙያ ሊፈጽመው የሚችል ተግባር ነው።