በኦንላይን ትምህርት ከስክሪኑ ጀርባ ማን አለ?

«ኦንላይን ትምህርት» ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ስልክ፣ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ነው። ከቤተሰባችን አንዱ በኦንላይን ለመማር ሲነሣም አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ኔትወርክና ስለ ክፍያ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሊቀድመው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተማሪው ሲደናቀፍ የሚያየው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው፣ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው አለ ወይ? የኦንላይን ትምህርት ዳር የሚደርሰው ወይም መንገድ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩና እርስዎ ከመመዝገብዎ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብዎ እናያለን።

ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስሙም በአካባቢው ከሚገኘው ጥንታዊ የገዳ ሥርዓት መቀመጫ የተወሰደ ነው። ወደ ምሥራቅ ራቅ ሲሉም ሐረማያና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እንግዲህ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ከከፍተኛ ትምህርት ፈጽሞ የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያ መኖሩ ብቻ ሁሉንም ሰው አያደርስም። በገለምሶ የሚያስተምር መምህር ለማስተርስ ዲግሪ ሲል ደመወዙን ትቶ ሁለት ዓመት መሄድ ይከብደዋል። በሂርና ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ተረኛነቷንና ልጆቿን ይዛ በየቀኑ ክፍል መግባት አትችልም። በበዴሳ ወይም በሚኤሶ ሱቅ ከፍቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣትም እንዲሁ ነው። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የኦንላይን ትምህርት የተከፈተ በር ይመስላል፤ በእርግጥም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ ተከፍሎ ትምህርቱ መንገድ ላይ ቢቀር ኪሳራው የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት ባለሙያዎች

በመደበኛ ክፍል መምህሩ ብቻውን ብዙ ነገር ይሸፍናል። የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ያልገባቸውን ያውቃል፤ ደግሞ ያስረዳል፤ የቀረውንም ተማሪ ስም ይጠራል። በኦንላይን ግን ፊት አይታይም። በመሆኑም አንድ መምህር በክፍል ውስጥ ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር በርካታ ሰዎች ተከፋፍለው፣ አቅደው ማድረግ አለባቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. የኢ-ለርኒንግ አስተባባሪ። ሥራውን በሙሉ የሚመራው እርሱ ነው። የትኛው ኮርስ በኦንላይን ሊሰጥ እንደሚገባ፣ መምህራን ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው፣ አንድ ቱተር ስንት ተማሪ መያዝ እንዳለበት ከዩኒቨርሲቲው አመራር ጋር ይወስናል። አንድ ቱተር ከአቅሙ በላይ ተማሪ ከተሰጠው መልስ የሚያገኝ ተማሪ አይኖርም።

2. የኮርስ ንድፍ ባለሙያ። መምህሩ የትምህርቱን ይዘት ያውቃል፤ ይህ ባለሙያ ደግሞ ይዘቱ ብቻውን ለሚያጠና ሰው እንዲመች አድርጎ ያዘጋጃል። የሁለት ሰዓት ሌክቸር እንዳለ ተቀርጾ ቢጫን ኮርስ አይባልም። በአጫጭር ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ መጨረሻ ተማሪው ራሱን የሚፈትንበት ጥያቄ ሊኖረው ይገባል።

3. ቱተር። አሳይንመንት የሚያርመው፣ ጥያቄ የሚመልሰው፣ የተማሪዎችን ውይይት የሚመራው ነው። ማርክ ብቻ ሳይሆን «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ምክንያቱም...» የሚል ማስረዳት ከእርሱ ይጠበቃል።

4. የሲስተም ባለሙያ። ተማሪው የይለፍ ቃሉ ሲጠፋበት፣ አሳይንመንቱ አልሄድ ሲለው፣ ፈተናው መሐል ላይ ሲቋረጥበት የሚደርስለት ነው።

5. የተማሪዎች ድጋፍ ሰጪ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሙድል የተባለው የኮርስ ማስተናገጃ ሶፍትዌር ተማሪው መጨረሻ የገባው መቼ እንደሆነ መዝግቦ ያሳያል። መዝገቡን አይቶ «አሥር ቀን ሆነህ፤ ደኅና ነህ ወይ?» ብሎ የሚደውል ሰው ከሌለ ግን መዝገቡ ብቻውን ማንንም አይመልስም።

የሙድል ታሪክም የሚያስተምረን ነገር አለው። የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። በልጅነቱ ከከተማ በራቀ በረሃማ አካባቢ ሲኖር ትምህርቱን የተከታተለው በሬዲዮ ነበር። የሬዲዮ ትምህርቱ የሁለትዮሽ በመሆኑ መምህሩ ይናገራል፤ በየቤቱ ያለው ልጅም ይመልሳል። በርቀት ትምህርት ምርምር የሚታወቀው ማይክል ሙርም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጽሑፍ በርቀት የሚማር ሰው ሦስት ዓይነት ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። እነዚህም ከትምህርቱ ይዘት ጋር፣ ከመምህሩ ጋር እና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሚደረጉ ናቸው። ጽሑፍና ቪዲዮ ብቻ የሚልክ ተቋም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ሰጠ ማለት ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ምን ተማርን?

በሀገራችን የኮሮና በሽታ መኖሩ ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን እንዲቀጥሉ አቅጣጫ ተሰጠ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ ለወራት ቤታቸው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ፣ በሀገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ተቋረጠና ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ።

በዚያ ወቅት የተደረገው በችኮላ የመጣ ችግር መወጫ ነበር። መምህራን ሳይሠለጥኑ፣ ኮርሶች ሳይዘጋጁ፣ ተማሪው መሣሪያ ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ ተጀመረ። ስለዚህ በዚያ ልምድ ብቻ «ኦንላይን ትምህርት አይሠራም» ብሎ መደምደም አይገባም። ይልቁንም የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ተማሪው በእጁ ይዞ የሚያጠናው ነገር ሊኖረውና ቀነ ገደብም ሊራዘምለት ይገባል። ይህን አስቀድሞ የሚያስበው ደግሞ ማሽኑ ሳይሆን ባለሙያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በዕቅድ መያዝ ጀምሯል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው የሀገር ውስጥ ድርጅት ጋር በጀመረው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም ወደ 50 የሚጠጉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለመድረስ ታቅዷል። ከዕቅዱ ውስጥ መምህራንን በኦንላይን ማስተማር ላይ ማሠልጠን ዋናው ነው። ይህም ነገሩ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሰው ጉዳይ መሆኑ መታወቁን ያሳያል።

ለአብያተ ክርስቲያናት እንግዳ ነገር አይደለም

ትምህርትን ወደ ተማሪው መውሰድ ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በጓቲማላ የሚገኝ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ችግር ገጠመው። ወደ ከተማ መጥተው የሚማሩት ወጣቶች ከተመረቁ በኋላ ወደ ገጠር አይመለሱም፤ በገጠር ጉባኤ የሚመሩት ሰዎች ደግሞ እርሻቸውንና ቤተሰባቸውን ትተው ሴሚናሪ መግባት አይችሉም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ባሉበት ሆነው በቤታቸው በመጽሐፍ እንዲያጠኑ፣ በየሳምንቱም መምህሩ ወደ እነርሱ ሄዶ እንዲያወያያቸው ተደረገ። ይህ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ቲ.ኢ.ኢ.» የተባለው አሠራር በኋላ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ልብ ይበሉ፤ የአሠራሩ ጉልበት መጽሐፉ ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ የሚመጣው መምህርና አብረው የሚወያዩት ባልንጀሮች ነበሩ። ተማሪው ሳያነብ ቢመጣ የሚጠይቀው፣ ባይመጣ የሚፈልገው ሰው ነበረ። ዛሬ መጽሐፉ ወደ ስልክ ቢገባም የሰው አስፈላጊነት አልቀረም።

በሀገራችንም የርቀት ትምህርት ከኦንላይን በፊት በሞጁልና በቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል ብዙዎችን አስተምሯል። ዳሩ ግን በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት በጥራት ችግር ምክንያት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ከወራት በኋላ ገደብ ጨምሮ እንደ ፈቀደ የሚያስታውሱ አሉ። ሞጁል ማደል ብቻውን ማስተማር እንዳልሆነ ያኔም ታይቷል።

በእኛ አካባቢ ምን ይለያል?

ባለሙያው ተማሪው የሚኖርበትን ካላወቀ የሚያዘጋጀው ኮርስ አይደርስም። በጭሮ መሐል ከተማ የሚሠራ ነገር ከመቻራ ወጣ ባለ ቀበሌ ላይሠራ ይችላል። መብራት ይሄዳል፤ ኔትወርክ ይዳከማል፤ የዳታ ጥቅል ያልቃል።

በቁጥር እንየው። ጥራቱ ዝቅ ያለ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ እንኳ ከ200 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ያው ትምህርት በደንብ በታመቀ ድምፅ ብቻ ቢላክ ወደ 15 ሜጋባይት ይወርዳል። ጽሑፉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድና ሁለት ሜጋባይት አይበልጥም። እንግዲህ ሦስቱንም አዘጋጅቶ ተማሪው እንዲመርጥ የሚያደርግ ባለሙያ የቤተሰቡን ገንዘብ ቆጠበ ማለት ነው። የሙድል የስልክ መተግበሪያም ኔትወርክ ባለበት ቦታ ትምህርቱን አውርዶ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ማጥናት ያስችላል፤ ይህን ለተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳየው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ሌላው ቋንቋ ነው። የአካባቢያችን ሰው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይናገራል፤ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ አስቸጋሪውን ሐሳብ በሚገባን ቋንቋ ያብራራል። በኦንላይንም በስልክ ሆነ በድምፅ መልእክት እንዲህ የሚያብራራ ቱተር ቢኖር ለብዙዎች መቀጠልና ማቋረጥን ይለያል።

ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ

• ተቋሙና ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና አላቸው ወይ? የተቋሙ ዕውቅና ብቻ አይበቃም፤ በኦንላይን ወይም በርቀት ለሚሰጠው ለዚያው ፕሮግራም መፈቀዱን ያረጋግጡ።
• ቱተሬ ማን ነው? ስንት ተማሪ ይይዛል? ለጥያቄ በስንት ቀን ውስጥ ይመልሳል?
• ችግር ሲገጥመኝ የምደውልበት ስልክ አለ? ከመክፈልዎ በፊት ደውለው ይሞክሩት፤ አሁን የማይነሣ ስልክ በኋላም ላይነሣ ይችላል።
• ኔትወርክ ቢቋረጥ አሳይንመንትና ፈተና እንዴት ይሆናል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።
• ፈተናው የት ነው? በአካል መሄድ ካለብኝ የትራንስፖርቱን ወጪ አስቤያለሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ኮርስ ጨርሶ ክፍያ ማጠናቀቅ ብቻውን ለዲግሪ አያበቃም። በትክክል ያላስተማረ ተቋም ጉድለቱ የሚገለጠው በዚያ ቀን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ባለሙያዎቹ ሁሉንም ሊሠሩ አይችሉም። ከእነርሱ በቅርብ ያለነው ቤተሰብና ጉባኤ የምንሠራው ድርሻ አለን። በቤት ውስጥ የሚማር ሰው ካለ በቀን ሁለት ሰዓት ከሥራና ከእንግዳ ነፃ እናድርገው። በተለይ እህቶች የቤቱን ሥራ ሁሉ ይዘው እኩለ ሌሊት ላይ እንዲያጠኑ ተፈርዶባቸው እንዳይቀር እናስብ። በሳምንቱ መሐል ባዶ የሚውል የቤተ ክርስቲያን ክፍል ጠረጴዛ፣ መብራትና የስልክ መሙያ ቢኖረው በአንድ ከተማ የሚማሩ ሦስት አራት ሰዎች ተገናኝተው የሚያጠኑበት ቦታ ይሆናል። በመካከላችን መምህር ወይም የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነ ወንድም ወይም እህት በሳምንት አንድ ምሽት ቢሰጥ ሩቅ ያለው ቱተር ያልደረሰበትን ይሞላል።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ራስዎ ባይማሩ እንኳ በአጠገብዎ በስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚማር ሰው ሊኖር ይችላል። ዛሬ ጠጋ ብለው «ትምህርቱ እንዴት ነው? የት ደረስክ? ምን ከበደህ?» ብለው ይጠይቁት። ብዙዎች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት በአንድ ቀን ወስነው አይደለም፤ አንድ ሳምንት ያልፋቸዋል፣ ሁለተኛው ይደገማል፣ ከዚያ ለመመለስ ያፍራሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ግን ይመለሳሉ።