አካላቸው ብረት የሆነ አነስተኛ ሽጉጦች ከባለቤታቸው ጋር ሲከርሙ

በልብስ ስር ለመታጠቅ የሚሠሩ አነስተኛ ሽጉጦች በአካላቸው ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ፖሊመር፣ ሌላው ብረት። አካል የሚባለው እጀታውን፣ ምላጩንና ካዝናው የሚገባበትን ቦታ የያዘው የታችኛው ክፍል ነው። ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ስላይድና አፈሙዙ በሁለቱም ወገን ብረት ስለሆኑ፣ በክብደትም ሆነ በአያያዝ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ከታችኛው ክፍል ነው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 ግሎክ 17ን ከተቀበለ ወዲህ ገበያው ቀላልና ርካሽ ወደሆነው ፖሊመር አዘንብሏል። የብረቱ ወገን ግን ከገበያ አልወጣም። በተለይ በአሜሪካ፣ ሽጉጥ በልብስ ስር መታጠቅ በሕግ በተፈቀደባቸው ግዛቶች፣ የብረት ሽጉጥ ገዝተው ለዓመታት የማይለውጡ ብዙ ሰዎች አሉ።

የብረቱ ወገን ራሱ ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ሶቪየቱ ማካሮቭ ሙሉ በሙሉ አረብ ብረት ነው። ሁለተኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ስላይዱ ከአረብ ብረት የተሠራው ነው። አሉሚኒየሙ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኮልት ኮማንደር የተባለውን አጠር ያለ ሽጉጥ በአሉሚኒየም አካል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ነበር። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቼክ ሪፐብሊኩ ሲዜድ ፒ-01 ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሲዜድ 75 ሲሆን፣ ፒ-01 በ2001 የቼክ ፖሊስ መሣሪያ ሆኖ ተመርጧል። አፈሙዙ 95 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በ9 በ19 ጥይት ይሠራል፣ ካዝናው 14 ይይዛል፣ ባዶውን ወደ 800 ግራም ይመዝናል። የዚህ ቤተሰብ ልዩ ምልክት ስላይዱ የሚሄድበት ሐዲድ ነው። በአብዛኞቹ ሽጉጦች ስላይዱ አካሉን ከውጭ አቅፎ ሲሄድ፣ በሲዜድ ግን ከአካሉ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። በዚህም አፈሙዙ ለእጅ ይቀርባል፤ በሌላ በኩል ለማቀባበል በጣት የሚያዘው የስላይድ ጎን ጠባብ ይሆናል። ጣቱ ደካማ የሆነ ወይም መገጣጠሚያ የሚያመው ሰው ይህን ከመግዛቱ በፊት በእጁ ሊሞክረው ይገባል።

አዲስ ገዢ መጀመሪያ የሚያነሳው ቅሬታ ክብደት ነው። ግሎክ 19 ባዶ ካዝናውን ይዞ 670 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ፒ-01 ጥይት ሲሞላ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በሱቅ ባንኮኒ ላይ አንስቶ ላየው ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ለአሥር ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ የግሮሰሪ ባለቤት ወይም ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ለሚውል ሹፌር ግን ሌላ ነው፤ ቀበቶው ይወርዳል፣ ሱሪው በአንድ ጎን ያዘነብላል፣ ማታ ወገብ ይደነዝዛል። በብዙዎቹ ዘንድ ጥፋቱ ያለው ግን በቀበቶው ነው። ተራ የቆዳ ቀበቶ የጎን ጭነት እንዲችል ስላልተሠራ ይታጠፋል፣ ሽጉጡም ከሰውነት እየራቀ ወደ ውጭ ያጋድላል። ውስጡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ቀበቶና አካሉን የሚያቅፍ ደረቅ ማኅደር ሲገኝ ክብደቱ በወገብ ዙሪያ ይከፋፈላል፤ በሁለተኛው ወር ስለ ክብደት የሚያማርረው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ለሽጉጡ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለቀበቶው የሚቆጥብ ሰው ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ ቆጥቧል።

መደበቅን በተመለከተ ገዢዎች በአፈሙዙ ርዝመት ይጨነቃሉ፤ ሸሚዝ ስር ጎልቶ የሚታየው ግን እጀታው ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሱሪ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ሁለት ጣት ቢረዝም ማንም አያየውም፤ እንዲያውም ሽጉጡን ከሰውነት ጋር አስጠግቶ ይይዘዋል። እጀታው ግን ወደ ኋላ ስለሚያመለክት፣ ሰው ዕቃ ለማንሳት ሲያጎነብስ በሸሚዙ ላይ ጉብ ይላል። ስለዚህ ለመታጠቅ የሚሆን ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ መለካት ያለበት የእጀታውን ቁመትና ውፍረት ነው። በፒ-01 ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው የላስቲክ መያዣ ለእጅ ቢመችም ሸሚዝ ይይዛል። ብዙ ባለቤቶች በቀጭን አሉሚኒየም ወይም በእንጨት መያዣ ይለውጡታል፤ ሥራው የሁለት ብሎን ነው፣ ውጤቱ ግን ወዲያው ይታያል።

ያ በወገብ ላይ የተማረሩበት ክብደት በተኩስ ልምምድ ቦታ ትርጉሙ ይለወጣል። ጥይቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ መሣሪያው በከበደ ቁጥር የርግጫው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከርግጫው በኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ዒላማው የሚመለስበት ጊዜም ያጥራል። በትንሹና በቀላሉ ፖሊመር ሽጉጥ ሃምሳ ጥይት ተኩሶ እጁ የሚዝል ሰው፣ በብረቱ መቶ ተኩሶ ልምምዱን መቀጠል ይፈልጋል። ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ የማያሳምም መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይተኮስበታል። በኪስ የሚያዙት እጅግ ትናንሽ ሽጉጦች ለመታጠቅ ቀላል ቢሆኑም፣ ባለቤታቸው ርግጫቸውን ጠልቶ ልምምዱን ከተወ ሳይለማመድ የታጠቀ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ጉዳይ ምላጩ ነው። ፒ-01ም ሆነ ማካሮቭ ወይም የሲግ ሳወሩ ፒ229 ሁለት ዓይነት አሳሳብ አላቸው። መዶሻው ወርዶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ምላጩ መዶሻውን ራሱ አንስቶ መልቀቅ አለበት። ለዚህ 4.5 እስከ 5.5 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ስላይዱ መዶሻውን ወደ ኋላ አቀባብሎ ስለሚተወው፣ ሁለተኛው ስበት አጭርና ቀላል፣ ሁለት ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አዲስ ባለቤት የመጀመሪያው ጥይት ከዒላማው ግራና ታች ሲሄድበት ሽጉጡን ያማል፤ ቀኝ እጅ ተኳሽ ከባዱን ምላጭ በመላው መዳፉ ሲጨብጥ የሚያመጣው ውጤት ግን ይኸው ነው። አንዳንዱ ችግሩን ለማምለጥ በልምምድ ጊዜ ሁልጊዜ መዶሻውን በአውራ ጣቱ አንስቶ ይተኩሳል። በወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ያምራሉ፤ ሽጉጡን ከማኅደር አውጥቶ የሚያገኘውን ያን ረጅም ስበት ግን አልተማረውም። የሚረዳው መንገድ መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይንና በጣት አረጋግጦ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ከባዱን ስበት ያለ ጥይት ደጋግሞ መለማመድ ነው። በተኩስ ቦታም ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ መዶሻውን አውርዶ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ይገባል።

መዶሻ ማውረድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በፒ-01 ግራ ጎን ያለው ትንሽ ቁልፍ ወደ ታች ሲጫኑት መዶሻውን ያለ አደጋ ያወርደዋል፣ ጣት ሲለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሴፍቲ ግን አይደለም፤ ምላጩን የሚቆልፍ ምንም ነገር የለም። ከኢትዮጵያ የመጣና በማካሮቭ የለመደ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። በስላይዱ ላይ ያለው ቁልፍ ወደ ላይ ሲገፋ መዶሻውን አውርዶ መሣሪያውን ይቆልፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ያደርገዋል። በቤሬታ 92 ላይ ቁልፉ የሚቀመጠው በዚያው በስላይዱ ላይ ሆኖ አሠራሩ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ይቆልፋል፣ ወደ ላይ ሲሆን ይፈታል። ለዓመታት አንዱን የለመደ አውራ ጣት ሌላውን ሲይዝ ያለ ሐሳብ የለመደውን ይደግማል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሽጉጥ እያፈራረቁ መታጠቅ ጥሩ ልማድ አይደለም። የማካሮቭና የፒ-01 ጥይትም አይወራረስም፤ የማካሮቭ 9 በ18 የእርሳሱ ስፋት 9.27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ «ሁለቱም 9 ናቸው» ብሎ አንዱን ለሌላው መግዛት ስሕተት ነው።

ውጭ የሚታየው መዶሻ ሌላ ጥቅም አለው፤ ባለቤቶች ይህን የሚያደንቁት ብዙ ጊዜ አሠልጣኝ ካሳያቸው በኋላ ነው። በራስ ሽጉጥ ራስን ማቁሰል ከሚያጋጥምባቸው ጊዜያት አንዱ ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ የመመለሻው ቅጽበት ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ከምላጩ ፊት ይገባና ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ምላጩን ይስበዋል። መዶሻው የወረደ ሽጉጥ ሲመለስ ግን አውራ ጣት መዶሻው ላይ ይቀመጣል። ጨርቅ ምላጩን ከነካው መዶሻው ከጣቱ ስር መነሳት ይጀምራል፣ እጅም ያን ጊዜ ይቆማል። መዶሻው በውስጥ በተደበቀበት ሽጉጥ ይህ ማስጠንቀቂያ የለም።

ከስድስት ወር በኋላ ወደ ጠጋኝ ጠረጴዛ ከሚመጡት የታጠቋቸው ሽጉጦች መካከል በተኩስ ካረጀው ይልቅ ላብ የበላው ይበዛል። ሐምሌ ላይ በዋሽንግተን አካባቢ እርጥበት ከሙቀት ጋር ሲመጣ፣ ወደ ሰውነት የዞረው ጎን ቀኑን ሙሉ ጨው ይጠጣል። አሉሚኒየሙ እንደ አረብ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ላዩ በአኖዳይዝ ጠንክሯል። ይህ ሽፋን ግን ስስ ስለሆነ ከማኅደሩ አፍ ጋር በሚፋተግበት ጠርዝ ላይ ይነጣል፤ ጨውም እዚያ ቦታ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ይቆፍራል። ዝገት መጀመሪያ የሚታየው በመያዣው ብሎኖች፣ በኋለኛው ማነጣጠሪያና በመዶሻው ጎን ላይ ነው። መዶሻው የሚወርድበት ክፍት ቦታ ደግሞ የልብስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጭቃ የሚከማችበት ነው፤ በጥርስ ብሩሽ ካልወጣ ከርሞ መዶሻውን ያዘገያል። ላብ የነካውን ሽጉጥ ማታ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በስስ ዘይት ማበስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሉሚኒየም አካል ላይ የአረብ ብረት ስላይድ ስለሚፋተግ ሐዲዱ ዘወትር ሊለሰልስ ይገባል፤ ቀጭን ዘይት በሰውነት ሙቀት ስለሚፈስ ለሐዲዱ ጥቂት ግራሶ ይሻላል።

ሌላው ከዓይን የሚሰወረው ጉዳት በጥይቱ ላይ ነው። ማታ ማታ ጥይቱን አውጥቶ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሶ የሚያጎርስ ሰው፣ እርሳሱን በየጊዜው ከአፈሙዙ መግቢያ ጋር እያጋጨው ነው። እርሳሱ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ይገባል፤ የባሩዱ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። ካዝና ውስጥ ካለው አዲስ ጥይት አጠገብ ቢቆም ማጠሩ በዓይን ይለያል። ያጠረ ጥይት መጣል እንጂ መተኮስ የለበትም። ልጆች ባሉበት ቤት ሽጉጡ ከወገብ ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ መሆን ስላለበት፣ ከነጥይቱ የሚቆለፍበት ጠንካራ ሣጥን ይህን የየዕለት ማውጣትና ማጉረስ ያስቀራል።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሕጉ ነገር ከሽጉጡ ዓይነት በላይ ያሳስባል። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሰጠ የመታጠቅ ፈቃድ በዋሽንግተን ዲሲም ሆነ በማሪላንድ አይሠራም፤ መኖሪያውን አሌክሳንድሪያ፣ ሱቁን ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደረገ ሰው ድልድዩን ሲሻገር ሕጉም አብሮ ይለወጥበታል። ማሪላንድ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥን ስለምትከለክል ፒ-01 እዚያ የሚሸጠው ባለ10 ካዝና ይዞ ነው። በፌዴራል ሕግ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ መያዝ ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም፤ ጥፋቱም የመኖሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ፖስታ ቤት፣ የፌዴራል ሕንፃና ትምህርት ቤት ፈቃድ ቢኖርም ሽጉጥ ይዞ የሚገባባቸው አይደሉም።

ያገለገለ የብረት ሽጉጥ ሲገዛ ላዩ መነጣቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ብዙ የታጠቁት፣ ጥቂት የተኮሱበት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ውስጡ ነው። በሲዜዱ ከኋላ በግራ በኩል ስላይዱና አካሉ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጭረቶች ሲገጣጠሙ፣ የስላይድ መያዣው ፒን ከቀኝ በኩል ተገፍቶ ይወጣና ስላይዱ ወደ ፊት ይለቃል። ከዚያ የአሉሚኒየሙን ሐዲድ በባትሪ ብርሃን መመልከት ነው። የሚያብረቀርቅ መስመር የተለመደ ነው፤ በጥፍር ሲነካ የሚይዝ ጉድጓድ ወይም በፒኑ ቀዳዳ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ሽጉጡ አይገዛም። የርግጫው ሞላና የምላጩ መመለሻ ሞላ ዕድሜያቸው ስለማይታወቅ፣ ዋጋቸውም ትንሽ ስለሆነ፣ ገዢው ሽጉጡን ከመታጠቁ በፊት ሁለቱንም ያስለውጣል።