የድመት ጥፍርና የእማማ ባና

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን እውነትነቱን የሚጠራጠር ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ድመቲቱ አመሏን ለምን እንደማትረሳው ጠይቀህ ታውቃለህን?

እኔን ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ ባና ነው። የምኖረው ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በብልባላ ነው። የላስታን የሌሊት ብርድ የቀመሰ ሰው ባና በዚህ አገር ምን ያህል የከበረ ዕቃ እንደ ሆነ ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን ጧት የቤቱ ባለቤት መደባቸው ላይ የተነጠፈው ባና ጠርዙ ተተርትሮ፣ ክሩ ተንጨፍሮ አገኙት። ድመቲቱ እዚያው አጠገብ ተኝታለች።

«ይችን ጉድ በጆንያ ከትቼ ወንዝ ማዶ አስጥላታለሁ፤ አንተም ልጄ እንዳትለምነኝ!» አሉ።

«እማማ፣ የጎታውን ገብስ ታዲያ ከአይጥ ማን ይጠብቅልዎታል?» አልኋቸው።

«ገብሱን አይጥ፣ ባናውን ድመት ትጨርሰው ነው የምትለኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ገብሱም ባናውም የዓመት ልፋታቸው ነው። ስለዚህ ጥቂት ቀን እንዲታገሡኝ ለመንሁና ነገሩን ማጥናት ጀመርሁ።

የእንስሳት ሊቃውንት እንደሚሉት ድመት ዕቃ የምትቧጥጠው በተንኮል አይደለም። ጥፍሯ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ ያድጋል፤ ያረጀውን የላይኛውን ቅርፊት ሸካራ ነገር ላይ እየሳበች ካላወለቀችው ከሥሩ ያለው ሹል ጥፍር አይወጣም። ቤት ስትጠርግ ጠምዘዝ ያለች ቀጭን ቅርፊት ብታገኝ ጥፍሯ ተነቀለ ብለህ አትደንግጥ። ደግሞም በመዳፏ ሥር ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሉ፣ በቧጠጠችው ቦታ ላይ እኛ የማናሸተውን ሽታ ትተዋለች። ጸሐፊ በደብዳቤ ግርጌ ማኅተም እንደሚመታ ሁሉ፣ እርሷም ጭረቱንና ሽታውን አስቀምጣ «ይህ ቤት ባለቤት አለው» ማለቷ ነው። ከእንቅልፏ ስትነቃ ደግሞ ጀርባዋንና ትከሻዋን የምታፍታታው ጥፍሯን አንድ ነገር ላይ ተክላ በመሳብ ነው። የእማማ ባና ጥፋቱ ከመኝታዋ አጠገብ መገኘቱ ነበር።

የቤት ድመት ዘሯ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ እህሉን፣ ድመትም አይጡን ተከትላ ወደ መንደር ገባች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረ፣ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የድመት ዐፅም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገልጧል። የዚህን ያህል ዘመን የኖረ አመል በአንድ ቀን አርጩሜ ይጠፋል ማለት የዋህነት ነው። የምትገረፍ ድመት መቧጠጧን አትተውም፤ የምትማረው አንተን መፍራትና አንተ በሌለህበት መቧጠጥን ነው።

ስለሆነም መፍትሔው የራሷን ዕቃ መስጠት ነው። ከቤት ሥራ የተረፈ፣ ልጡ ያልተላጠ የጥድ ግንድ ለምኜ አመጣሁ። ቁመቱ ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ ድመቲቱ ቆማ ሙሉ በሙሉ ካልተንጠራራችበት አትወደውምና። ከሁሉ በላይ መወዛወዝ የለበትም፤ አንድ ጊዜ ከወደቀባት ዳግመኛ አትቀርበውም። በመሬቱ ላይ አጥብቄ ተከልሁት። የት? እዚያው መደቡ አጠገብ። ብዙ ሰው ግንዱን ጓዳ ጥግ ይሸሽገውና ድመቴ እምቢ አለች ይላል።

አንተ በከተማ ቤት ተከራይተህ የአከራይህ ሶፋ የሚያሳስብህ ብትሆን፣ አንድ ወፍራም ጣውላ በቃጫ ገመድ ጥቅጥቅ አድርገህ ጠምጥመህ ከሶፋው አጠገብ አቁም፤ የተቧጠጠውን የሶፋ ክፍል ደግሞ ለጊዜው ለስላሳ ላስቲክ አልብሰው። እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ መሬት ላይ ያለውን የምትመርጥ ድመትም አለች፤ ለእርሷ ጣውላውን ማጋደም ነው። የጥፍሯን ጫፍ መቁረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ነጩን ጫፍ ብቻ፤ ሐምራዊው የደም ሥር ያለበት ነው። የእማማን ድመት ጥፍር ግን አልነካሁትም፤ አይጥ በምን ልትይዝ!

በአንዳንድ የውጭ አገሮች ጥፍሯን ጨርሶ የሚያስወጡ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በዚህ ሥራ የሚቆረጠው ጥፍሩ ብቻ ሳይሆን የጣቱ የመጨረሻ አጥንት ጭምር ነው። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን በሕግ ከልክሏል።

ድመት የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ይጠበው። ጭምት የነበረች ድመት ያለ ምክንያት አውሬ ሆና ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛልና ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የእማማ ድመት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግንዱን አሽትታ ብቻ ታልፈው ነበር። እማማም እኔን እያዩ ይስቁ ነበር። ባናውን ቀን ቀን አጣጥፈን ሰቀልነው፤ ከተተረተረው ክር ጥቂቱን ግንዱ ላይ አሰርሁበት። ከሳምንት በኋላ አንድ ጧት የልጥ መቀደድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጆንያው ወደ እህል ሥራው ተመለሰ። አሁን ግንዱ መካከሉ ላይ ልጡ አልቆ ነጥቷል፤ እማማም ሌላ እንዳመጣ እየጠየቁኝ ነው።