ከባሕር ዳር ጎንደር፦ የሰማዩና የምድሩ መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የሄደ ሰው መንገዱ ምን ያህል እንደሚዞር ያውቀዋል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንንና ማክሰኝትን አልፎ ጎንደር ሲገባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ሦስት ሰዓት ገደማም ፈጅቶበታል። መንገዱ የሚረዝመው የጣናን ሐይቅ በምሥራቅ በኩል ዞሮ ስለሚያልፍ ነው።

አውሮፕላንን ግን ሐይቅ አያግደውም። ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ አጠገብ እስካለው የጎንደር ማረፊያ ድረስ በቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህንን ማንም ሰው በማስመሪያ ሊያረጋግጠው ይችላል። መስፈርቱ 1 ለ1,000,000 በሆነ ካርታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነውና።

በረራውስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያበራቸው የነበሩት ዳኮታዎች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዙ ነበር። በዚህ ፍጥነት 100 ኪሎ ሜትር 22 ደቂቃ ይወስዳል። ዛሬ በአገር ውስጥ የሚበረው ዳሽ 8 ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ 10 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ሙሉ ፍጥነቱን አይጠቀምም፤ ከማኮብኮቢያው ጋር ለመስተካከልም መዞር ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በተግባር 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአጭር መንገድ ላይ የፍጥነት ጥቅም ይህን ያህል ትንሽ ነው።

በረዥምና ተራራማ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከጎንደር ላሊበላ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመኪና ወደ ወረታ ተመልሶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ሲኬድ ከ350 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቀን መንገድ የሆነውን አውሮፕላን በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ይህ ስሌት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? አብዛኛውን የከብት ክትባት ብንወስድ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ክትባቱ በአውሮፕላን አዘዞ ደርሶ በረዶ የያዘ ሣጥን ይዞ የሚቀበለው ሰው ከሌለ፣ ወይም ከብቱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ካልጠበቀ፣ በሰማይ የተገኘው ሰዓት በምድር ይባክናል። የተበላሸ ክትባት የተወጋ ከብት ደግሞ ተከተበ ተብሎ ይታመንበታል እንጂ ከበሽታ አይድንም።

በሽተኛም ሲኖር ሒሳቡ ያው ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር ለመሄድ ነገ የሚነሣ አውሮፕላን ከመጠበቅ አሁኑኑ የሚነሣ መኪና ይቀድማል።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ዕቃም ሆነ ሰው ከመላካቸው በፊት አራት ጊዜዎችን መደመር ይገባቸዋል፦ ከቀበሌ እስከ ማረፊያው ያለውን፣ በማረፊያው የሚጠበቀውን፣ የበረራውን፣ ከወረዱ በኋላ እስከ መድረሻው ያለውን። ድምሩ ከመኪናው ካነሰና የዋጋው ልዩነት የሚያዋጣ ከሆነ በአየር ይላክ። ካልሆነ በመኪና ይላክ። እህልና ሩዝን የመሰለ ከባድ ጭነትማ ቦታው መኪና ላይ ነው።