ውሻችሁ ስትጠሩት ይመጣል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሻ ነው። «ለውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ውሻችን የጎረቤት ልጅ ቢነክስ ተጠያቂው ማነው? እኛው ነን።

ጥሩ ጠባቂ የሚባለው ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ጮሆ የሚያስታውቅ፣ «ተው» ሲባል ደግሞ ዝም የሚል ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ውሻ ነበረን። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ አባረረ። «ና!» ብዬ ጠራሁት። ጅራቱን እየቆላ መጣ። ያዝኩትና በአርጩሜ ገረፍኩት። ሌላም ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ «ና» ስለው ይሸሸኝ ጀመር።

ታዲያ ውሻው ምን ተማረ? ዶሮ ማባረር ጥፋት መሆኑን አልተማረም። «ና» ማለት ዱላ ማለት መሆኑን ነው የተማረው። ውሻ ቅጣቱን የሚያያይዘው ቅጣቱ ሲደርስበት ይሠራ ከነበረው ነገር ጋር ነው። የእኔ ውሻ ያን ጊዜ የሠራው ነገር ቢኖር ስጠራው መምጣት ነው። ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ እናንተው ፍረዱ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ውሻው ሳይበላ፣ ቁራሽ እንጀራ በእጃችን እንያዝ። ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብለን ስሙን እንጥራና አንድ ጊዜ ብቻ «ና» እንበለው። እንደ መጣ፣ ሳንዘገይ፣ ቁራሹን እንስጠው። በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሲለምድ ከሩቅ እንጥራው። ቀጥሎ ልጆች ሲጫወቱ፣ ከብት ሲያልፍ እንሞክረው። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይጥራው። አባት «ና»፣ ልጅ «ቡቺ ቡቺ» የሚል ከሆነ ግራ ይገባዋል።

እንግዳ ሲመጣስ? ብዙ ሰው ውሻው ሲጮህ እሱም ይጮህበታል። ውሻው ግን አብረነው የምንጮህ ሊመስለው ይችላል! ይልቅስ በገመድ ይዘን ራቅ እናድርገውና እንጠብቅ። ለትንፋሽ ያህል እንኳ ዝም ሲል «ተው» ብለን ቁራሽ እንስጠው። ዝምታው ምግብ እንደሚያመጣለት ቀስ በቀስ ይገባዋል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድ ሳምንት ካልሆነ በወር ይሆናል።

ቡችላ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ዕድሜው ድረስ ሰው፣ ልጆችና ከብት እያየ ካደገ ኋላ ብዙም አይደነግጥም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የታሰረ ውሻ ግን ቁጡ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጨዋ ውሻም ቢሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።