«ደባሪ ነኝ» ወይስ «ደበረኝ»?

ስልካችሁን አንዴ እዩት። ቻርጀር ስትሰኩበት «ቻርጂንግ» ይላል፤ ሲሞላ ደግሞ «ቻርጅድ»። ጓደኛችሁ እየጻፈ ከሆነ ቴሌግራም «ታይፒንግ» ብሎ ያሳያችኋል፤ የላከውን መልሶ ካስተካከለው «ኤዲትድ» ይጨምርበታል። ሳታነሡት የቀረው ጥሪ «ሚስድ ኮል» ነው። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፓርቲሲፕል የሚባሉ የግሥ ቅርጾች ናቸው። በ«ኢንግ» የሚያልቀው ፕረዘንት፣ ብዙውን ጊዜ በ«ኢድ» የሚያልቀው ፓስት ፓርቲሲፕል ይባላል።

የሚያደናግረን ስማቸው ነው። «ፕረዘንት» ሲባል የአሁን፣ «ፓስት» ሲባል ያለፈ ጊዜ ይመስለናል። ግን ትናንት ያየነውንም ፊልም «ዘ ፊልም ዋዝ ቦሪንግ» እንላለን፤ ነገ የሚያልቀውንም ሥራ «ኢት ዊል ቢ ፊኒሽድ ቱሞሮው»። ጊዜውን የሚናገሩት «ዋዝ» እና «ዊል» ናቸው።

ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ማመልከቻቸውን ከማስገባታቸው በፊት «አንዴ እይልን» እያሉ ይልኩልኛል። ደጋግሜ የማገኘው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው፦ «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ»። ልጁ ሊል የፈለገው «ሥራው ስቦኛል» ነው። የጻፈው ግን «እኔ ሳቢ ሰው ነኝ» ሆኖ ቁጭ አለ። ትክክሉ «ኢንተረስትድ» ነበር። ስልኩም ላያድነው ይችላል፤ ቃሉ የፊደል ስህተት ስለሌለበት ቀይ መስመር አይሰመርበትም። ጎበዝ ልጅ በአንዲት ቃል ምክንያት ገና ከበሩ ሲመለስ ያናድዳል።

እኔ የምነግራቸው መላ ከራሳችን ቋንቋ የተወሰደ ነው። አማርኛ ልዩነቱን ጥርት አድርጎ ያውቀዋል። አድካሚ መንገድ አለ፤ የደከመው መንገደኛ አለ። መንገዱ «ታየሪንግ»፣ መንገደኛው «ታየርድ» ነው። አስገራሚ ዜና «ሰርፕራይዚንግ»፣ የተገረመው ሰው «ሰርፕራይዝድ»። ግራ የሚያጋባ ጥያቄ «ኮንፊውዚንግ»፣ ግራ የተጋባው ተፈታኝ «ኮንፊውዝድ»። ስሜቱን የሚፈጥረው «ኢንግ»ን፣ ስሜቱ ያደረበት «ኢድ»ን ይይዛል። «አይ አም ቦርድ» ማለት «ደበረኝ» ነው፤ «አይ አም ቦሪንግ» ካላችሁ ግን «ደባሪ ነኝ» ብላችሁ በራሳችሁ ላይ መሰከራችሁ!

ሁሉም ፓስት ፓርቲሲፕል በ«ኢድ» አያልቅም። «ራይት፣ ሮውት፣ ሪትን» እያልን እንደ መዝሙር የሸመደድነውን አስታውሱ። ፓርቲሲፕሉ ሦስተኛው ነው። ከ«ሃቭ» ቀጥሎ የሚመጣውም እሱ ነው፤ «አይ ሃቭ ሮውት» ሳይሆን «አይ ሃቭ ሪትን»። «ደብዳቤው ተጻፈ» ለማለትም ያው ነው፦ «ዘ ሌተር ዋዝ ሪትን»።

እንግዲህ ማመልከቻችሁን ከመላካችሁ በፊት «አይ አም» የሚለውን ፈልጉና ቀጥሎ ያለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሱት። «ደባሪ ነኝ» የሚል ከወጣ «ሴንድ»ን አትንኩ።