የተላጠ ኮንክሪት ላይ ሲሚንቶ አትለቅልቁ

ከዴንቨርና ከአውሮራ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፦ ፊቱ የተላጠ የመኪና መግቢያ። «ኢንጂነር፣ ሲሚንቶ በጥብጬ ልለቅልቀው?» ተዉ! እኔም ጀማሪ ሳለሁ የራሴን በረንዳ ለቅልቄው በመጀመሪያው በረዶ ተነሣ።

ጥፋቱ የውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ፊቱን ይገነጥለዋል። በረዶ ለማቅለጥ የምትበትኑት ጨው ደግሞ ያባብሰዋል።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. የላላውን ሁሉ ፍቃችሁ በከፍተኛ ግፊት ውሃ እጠቡ። ዋናው ድካም እዚህ ላይ ነው።

2. ፖሊመር ያለው የኮንክሪት ማደሻ ግዙ። ስትቀቡት ወለሉ ይርጠብ፣ ውሃ ግን አይቋጥር።

3. ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አትሥሩ፤ የሌሊቱንም ብርድ አስቡ።

ወለሉ ከሥሩ ከሰመጠ ማደሻ አያድነውም። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ፎቶ ስትልኩ መጠኑ እንዲታየኝ የተላጠው ቦታ አጠገብ ሳንቲም አስቀምጡ።